«እንደ» ያለበት ሁሉ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው?

ቀለም ቀንድ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ለ11ኛ ክፍል ስለሚዘጋጅ የዘይቤ ትምህርት ነው የምጠይቀው። ተማሪዎች ትርጓሜውን በቃላቸው ይዘውታል፤ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ እንቶኔ እያሉ ይደረድሩታል። ከመማሪያ መጽሐፉ ያልተወሰደ ዓረፍተ ነገር ሲቀርብላቸው ግን ምልክት ፍለጋ ይገባሉ። «እንደ» ካዩ ተነጻጻሪ፣ «ነው» ካዩ ተለዋጭ፣ ግዑዝ ነገር የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ከሆነ ሰውኛ ብለው ይመልሳሉ።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። «እንደ» ኖሮ ዘይቤ የማይሆነው መቼ ነው? «በሩ አልከፈት አለ» ሰውኛ ነው ወይስ አይደለም? በዚህ መምህራንም አይስማሙም። ተለዋጭ ዘይቤና ፈሊጣዊ አነጋገር በምን ይለያሉ? ሰምና ወርቅን ከዘይቤዎች ጋር ልደርድረው ወይስ ለብቻው ላስተምረው? በመጨረሻም ተማሪው «አብራራ» ሲባል መልሱ ምን ምን ቢይዝ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል?

መቃ ብዕር

መምህር፣ ብዙው ስሕተት የሚወለደው ከ«እንደ» ስለሆነ ከእሱ ልነሣ።

«እንደ» በአማርኛ ብዙ ሥራ አለው። «እንደ ደረሰ ደወለ» ሲባል ጊዜን ይናገራል፤ ወዲያው ማለት ነው። «እንደ ነገሩኝ ከሆነ ስብሰባው ተራዝሟል» የወሬውን ምንጭ ይጠቅሳል። «ደብዳቤውን እንደ ኃላፊ ፈረመ» በምን ሥልጣን እንደ ፈረመ ይገልጻል። እነዚህ ከማነጻጸርም አይገቡም። ማነጻጸር በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ልጁ እንደ አባቱ ረጅም ነው» ያነጻጽራል እንጂ ዘይቤ አይደለም። ሰውን ከሰው፣ ቁመትን ከቁመት ጋር ነው ያስተያየው፤ ሜትር ይዞ እውነት ወይም ሐሰት ማለት ይቻላል። «ልጁ እንደ ባሕር ዛፍ አደገ» ሲባል ግን ሁለቱ ነገሮች ወገናቸው ለየቅል ነው። አንባቢው ከባሕር ዛፍ ጠባይ ፍጥነቱንና ቀጥ ማለቱን ይወስዳል፤ ሽታውንና ቅጠሉን ይተዋል። ይህን የመምረጥ ሥራ ለአንባቢ የሚሰጥ ሲሆን ነው ተነጻጻሪ ዘይቤ የምንለው። የጋራው ባሕርይ በግልጽ ሲነገርም («እንደ በረዶ ነጭ») ዘይቤነቱ አይቀርም፤ ለአንባቢ የሚተርፈው ሥራ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ ነው እንዲህ ያለው አባባል ቶሎ የሚያረጀው።

በተቃራኒው «እንደ» የሌለበት ተነጻጻሪም ሞልቷል። «ዓይኑ ፍም መስሎ ገባ»፣ «ቂጣው ጋሻ ያክላል»፣ «የሚያሳድደው ያለ ይመስል ይሮጣል»። ተማሪው «መሰለ»ን፣ «አከለ»ን እና «ያህል»ን ካልለመደ እነዚህን ሁሉ ያልፋቸዋል። የቂጣው ምሳሌ ግነትም አለበት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ዘይቤ መያዙን ቀድመው ቢነግሯቸው ብዙ ክርክር ይቀራል።

ወደ ተለዋጭ (አንዱን ነገር ያለ ማነጻጸሪያ ቃል በሌላው ስም ወይም ግሥ መግለጽ) ስንመጣ መጻሕፍት የሚያዘወትሩት የ«ነው»ን መልክ ብቻ ነው፦ «ምላሱ ምላጭ ነው»። ሌሎች ሁለት መልኮች አሉት። አንደኛው በ«የ» የሚመጣው ነው፦ «የኑሮ ቀንበር»፣ «የሐሜት ወጥመድ»። ሌላው በግሥ ውስጥ የተደበቀው ሲሆን ተማሪ የሚስተው ይህንን ነው፦ «ተስፋው ጠወለገ»፣ «ወሬው ከተማውን አጥለቀለቀው»። ማነጻጸሪያው በስሙ አልተጠራም። «ጠወለገ» ያለው ጸሐፊ ተክል የሚል ቃል አልጻፈም፤ «አጥለቀለቀ» ያለውም ጎርፍ አላለም። እዚህ የሚረዳው ጥያቄ «ይህ ግሥ በቀጥታ የማን ነው?» የሚለው ነው። ባለቤቱ ተክል፣ ውሃ፣ እሳት ወይም እንስሳ ከሆነ ተለዋጭ ነው፤ ሰው ከሆነ ሰውኛ ነው።

«የወንበር እግር»ን፣ «የጠርሙስ አንገት»ን እና «የስኒ ጆሮ»ን ለፈተና አያውጧቸው። አመጣጣቸው ተለዋጭ ቢሆንም ዛሬ የዕቃው ክፍል መጠሪያ ሆነዋል። የስኒን ጆሮ ሲጠራ ጆሮን በሐሳቡ የሚያመጣ የለም።

ብራና

የበሩን ነገር እኔ ልመልስ። «በሩ አልከፈት አለ» ሰውኛ አይደለም። የሚያከራክረው «አለ» ተናገረ ማለት ስለሚመስል ነው። ነገር ግን «አል…» ከሚል አሉታ ቀጥሎ የሚመጣው «አለ» ድርጊቱ ተሞክሮ እንዳልሆነ የሚያመለክት ሰዋስዋዊ ረዳት ነው። «እሳቱ አልነድ አለ»፣ «ቁልፉ አልገባ አለ»፣ «ቁስሉ አልሽር አለው» ስንል ቋንቋው ያለው መደበኛ መንገድ ይህ ስለሆነ ነው፤ ጸሐፊው የፈጠረው ነገር የለም። «ብልጭ አለ»፣ «ቀጥ አለ» እና «ዝቅ አለ»ም እንዲሁ። ሰውኛ እንዲሆን ከተፈለገ የሰው ፈቃድ፣ ስሜት ወይም ምርጫ መግባት አለበት፦ «በሩ እንግዳ እየመረጠ ይከፈታል»። መምረጥ የሰው ነው።

ሁለተኛው የሐሰት ሰውኛ በጾታ የሚመጣው ነው። «ፀሐይዋ ወጣች» ወይም «መኪናዋ ቆመች» የሚል ዓረፍተ ነገር አይተው «በሴት ጾታ ስለተጠራች ሰው ተደርጋለች» የሚሉ አሉ። አማርኛ ግዑዝ ነገርን በአንስታይ የሚጠራው ለማሳነስ፣ ለማቆላመጥ ወይም በልማድ ነው፤ ይህ የሰዋስው ጉዳይ ነው። «ፀሐይዋ ኩርፊያዋን ትታ ፊቷን አሳየችን» ሲባል ግን ኩርፊያው ሰውኛ ያደርገዋል።

መቃ ብዕር ያነሣው የግሥ ጥያቄ ድምፅን በሚናገሩ ግሦች ላይ ቢለማመዱት በጣም ይጠቅማል። «ወንዙ ያጉረመርማል» ሰውኛ ነው። «ወንዙ ያገሳል» ግን ተለዋጭ ነው፤ ማግሳት የአንበሳ ነው። ተማሪዎች ሁለቱንም ሰውኛ የሚሉት «ሕይወት ሰጠው» የሚል ትርጓሜ ስለተሰጣቸው ይመስለኛል። ትርጓሜው «የሰውን ጠባይ ሰጠው» መባል አለበት።

እንቶኔን ከሰውኛ ለመለየት ደግሞ ተውላጠ ስሙን ይዩ። ስለ ነገሩ በሩቅ ሲወራ ሰውኛ ነው፤ ነገሩን ራሱን «አንተ»፣ «አንቺ» ብሎ ማነጋገር እንቶኔ ነው። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት ሰውኛ ነው፤ ወንዙ ቤት እንዳጣ መንገደኛ ተቆጥሯል። «አባይ ሆይ፣ ማደሪያህ ወዴት ነው?» ብንለው እንቶኔ ይሆናል። በእንቶኔ የሚጠራው ግዑዝ ብቻ አይደለም፤ የሞተ ወይም በቦታው የሌለ ሰውም ይሆናል። የሞተን ሰው መጥራት ሰውኛ ሊባል አይችልም፤ ቀድሞውንም ሰው ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ሁለቱን አያምታታም።

ያንኑ ተረት ከቤት ወደ ቤት ለሚንከራተት ሰው ሲተርቱት ደግሞ ሌላ ደረጃ ይመጣል። በውስጡ ሰውኛ ነው፤ በአጠቃቀሙ ግን ጠቅላላው ተረት የሰውየው ተለዋጭ ሆኗል። መልስ ሲታረም «በየትኛው ደረጃ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፈሊጥን በሁለት ፈተና ያጣሩት። መጀመሪያ አንዱን ቃል በቅርብ ዘመዱ ይተኩ። «ትችቱ እሾህ ነው» ቢሉ፣ «ጋሬጣ ነው» ቢሉ፣ «መርፌ ነው» ቢሉ ሐሳቡ ይቆማል፤ ተለዋጭ ነው። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» በሚለው ውስጥ ዳባውን በጋቢ ቢተኩ ነገሩ ይፈርሳል፤ ፈሊጥ ነው። ቀጥሎ ትርጉሙን ከቃላቱ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ይመልከቱ። ቋንቋውን ገና የሚማር ሰው «ዓይን ያወጣ ውሸት» ሲሉት ዓይንንም ማውጣትንም አውቆ፣ ያፈጠጠ ውሸት መሆኑ ላይገባው ይችላል፤ አንድ ሰው ሊነግረው ያስፈልጋል። ጎበዝ ጸሐፊ ግን የተኛ ፈሊጥ ይቀሰቅሳል፦ «ውሸቱ ዓይን አውጥቷል፤ ማንን እንደሚያይበት እንጃ»። እዚህ ላይ ዓይኑ እንደገና ዓይን ሆነ። ይህን የመሰለ ነገር በፈተና ሲመጣ «ፈሊጥ ነው» ብሎ ማለፍ ግማሽ መልስ ነው።

ዘቅኔ

ሰምና ወርቅን ለብቻው ያስተምሩት፤ ቦታው ግን ከተለዋጭ ቀጥሎ ይሁን። ምክንያቱ ይህ ነው።

ዛሬ በተለምዶ ሁለት ትርጉም ያለው ንግግር ሁሉ ሰምና ወርቅ ይባላል። በቅኔ ቤት፣ ዋሸራም ይሁን ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ አነጋገሩ ጠበቅ ያለ ነው። ሰምና ወርቅ ሲባል ሰሙም (ላይ ላዩን የሚሰማው) ወርቁም (በውስጡ የታሰበው) በቃል ተጠርተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንድ ግሥ ለሁለቱም ያገለግላል። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ሲመጣ ኅብር ይባላል። ወርቁ ጨርሶ ሳይጠራ ሰሙ ብቻ ሲነገር ደግሞ ሰም ለበስ ነው። በቅኔ ዓይነቶች ሁሉ፣ ከሁለት ቤቷ (ባለ ሁለት ስንኟ) ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ተማሪው የሚፈተነው እነዚህን በመለየት ነው።

በአማርኛ በቃል የኖረችውን ግጥም እንይ፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ሰሞቹ አዳምና መድኃኔ ዓለም ናቸው። ወርቆቹ ከንፈርሽና ልቤ ናቸው። አዳም ዕፀ በለስን በልቶ መድኃኔ ዓለም ተሰቀለ፤ በከንፈርሽ ምክንያት ደግሞ ልቤ ተንጠለጠለ። «ተሰቀለ» ለመስቀሉም ለናፍቆቱም ይሠራል፤ ድልድዩ እሱ ነው። «አዳም» እና «ከንፈርሽ» መካከል «እንደ» የለም፣ «ነው»ም የለም፤ ተጠግተው ተቀምጠዋል። አንዱ በሌላው ቦታ ስለገባ በመሠረቱ ተለዋጭ ነው። ከተለዋጭ ቀጥሎ ይምጣ ያልኩት ለዚህ ነው።

ኅብርን ለማሳየት ለክፍል የምትሆን አጭር ግጥም እነሆ፦

ጫማ ገዛ ሰዓት፣ ገንዘብ መቼ አጣ፣
ልብስ የለውም ለካ፣ ሲጠሩት ያልመጣ።

ሰሙ የሚለብሰው አጥቶ ከጥሪ የቀረ ሰው ነው። ወርቁ «ልብ-ስ የለውም» ነው፤ ሁሉ ተርፎት ልብ ያጣ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ በንባብ ግን ይለያሉ። በሰሙ «ብ» ይላላል፣ በወርቁ «ብ» ጠብቆ «ስ» ተቀጽላ ይሆናል። ስለዚህ ኅብር በዓይን ብቻ አይፈታም። ተማሪው ድምፁን አውጥቶ፣ አንዴ አጥብቆ አንዴ አላልቶ ያንብበው።

አፈታቱን እንዲህ ያስይዟቸው። በመጀመሪያ ሰሙን በተራ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ ሰሙ ራሱን ችሎ ትርጉም ካልሰጠ ገና አልገባቸውም። ከዚያ ተጠራጣሪውን ቃል ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ስንኝ ውስጥ ይቀመጣል። ቃሉን ሰብረው፣ ከጎረቤቱ ጋር አጋጥመው፣ አጥብቀውና አላልተው ይሞክሩት። ሁለተኛው ትርጉም ሲገኝ ወደ መጀመሪያው ስንኝ ይመለሱና እዚያም መሥራቱን ያረጋግጡ። ከላይ ባለው ግጥም ጫማውና ሰዓቱ ለወርቁም ይሠራሉ፤ ንብረቱ ሞልቶ ልቡ የጎደለ ሰውን ይስላሉ። አንድ ቃል ላይ ብቻ የሚሠራ፣ የቀረውን ስንኝ ሥራ ፈት የሚያደርግ ወርቅ ብዙ ጊዜ የአንባቢው ፈጠራ ነው። የተማሪዎች ትልቁ ጥፋት እዚህ ነው፤ ግጥም ሁሉ ወርቅ አለው ብለው ይቆፍራሉ። ወርቅ የሌለው ጥሩ ግጥም ብዙ ነው።

ለልምምድ ራሳቸው እንዲጽፉ ካደረጉ የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ምጣኔ ይስጧቸው፤ በሐረግ (በስንኙ እኩሌታ) ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል)፣ በስንኝ አሥራ ሁለት ነው። ከላይ «አጣ» እና «ያልመጣ» በ«ጣ» ቤት እንደሚመቱ ያሳዩአቸው። ኅብሩ ሲሰበር አንድ ቀለም ሊጨምር ይችላል፤ ያን ያህል አያስቸግርም።

ደብተር

ስለ ፈተናው መልስ። አራት ነገር ካለበት ሙሉ ነጥብ ይስጡ፦ ዘይቤውን የያዘው ሐረግ ተቆርጦ መውጣቱ፣ የዘይቤው ስም፣ ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ፣ እና የተላለፈው ባሕርይ። «ጥያቄው እንደ መዥገር ተጣብቆብን ዋለ» የሚለውን እንውሰድ። ሐረጉ «እንደ መዥገር ተጣብቆብን» ነው፤ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፤ ጥያቄ ከመዥገር ጋር ተነጻጸረ፤ የተላለፈው አለመላቀቅ ነው። ከዚህ በላይ የሚሄድ ተማሪ መዥገር ደም እንደሚመጥ ያነሣና ጥያቄው እያደከማቸው እንደነበር ይጨምራል። ጸሐፊው «እንደ ሙጫ» ቢል ኖሮ መጣበቁ ይኖር ነበር፣ መመጠጡ ግን አይኖርም። «ለምን ይህ ማነጻጸሪያ ተመረጠ፣ ሌላው ቀረ?» ብሎ ማስጠየቅ ከአሥር ትርጓሜ ይሻላል። «ዘይቤው ጽሑፉን ያሳምረዋል» የሚል መልስ ነጥብ ባያገኝ እመርጣለሁ፤ ለማንኛውም ዓረፍተ ነገር ሊጻፍ ይችላልና።

ድርሰት ስታርሙ ደግሞ የተደባለቀ ተለዋጭን ተከታተሉ። «የተስፋን ችቦ ለኩሰን ለትውልድ እንዝራው» ዓይነት ነገር በንግግርም በጋዜጣም ይበዛል። ችቦ አይዘራም። ወይ ይለኩስና ያቀብል፣ ወይ ዘር ይዞ ይዝራ። የሚበላሸው እያንዳንዱ ክፍል በልማድ ስለሚጻፍና ጸሐፊው ምስሉን ስለማያየው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን በእርሳስ ሣሉት ማለት። ሊሣል ካልቻለ ይከለስ።

ግነትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። «በጣም ደክሞኛል» ማጠናከሪያ እንጂ ግነት አይደለም። ሦስት መቶ ሰው የመጣበትን ሰርግ «አምስት መቶ ነበርን» ማለትም ግነት አይሆንም፤ ሰሚው ሊያምነው ስለሚችል የተሳሳተ ወሬ ነው። ግነት የሚሆነው ተናጋሪውም ሰሚውም ቃሉ በቁሙ እንደማይሆን ሲያውቁ ነው፦ «ሺህ ጊዜ ነገርኩህ»። ፉከራና ቀረርቶ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው፤ አድማጩ ቁጥሩን ሳይሆን ወኔውን ነው የሚሰማው።

ቀለም ቀንድ

እግዜር ይስጥልኝ፤ የበሩ ክርክር ተዘጋ። አንድ ቀረኝ። ምጸትን ተማሪዎች ከአሽሙር አይለዩትም። ደግሞም በቃል ሲነገር በድምፅ ይታወቃል፤ በጽሑፍ ላይ በምን ያውቁታል?

መቃ ብዕር

ምጸት የሚፈልገው በተባለውና በሆነው መካከል ቅራኔ ነው። አሽሙር የሚፈልገው ዒላማ ነው፤ ነገሩን ሰምቶ «እኔን ነው» የሚል ሰው። አንዱ ያለ ሌላው ይገኛል። ያለ ፈቃድ ዕቃ የሚነካ ሰው አጠገብ ሆኖ «አንዳንድ ሰው እጁ አያርፍም» ማለት አሽሙር ነው፤ ምጸት ግን የለበትም፣ የተባለው እንዳለ የታሰበው ነውና። የእሳት አደጋ መከላከያ ጣቢያ ራሱ ሲቃጠል ምጸት አለ፤ የተነካ ሰው ግን የለም፤ ይህ የሁኔታ ምጸት ነው። በተውኔት ደግሞ ተመልካቹ የሚያውቀውን ገጸ ባሕርዩ ሳያውቅ ሲናገር ቃሉ ለእኛ ሌላ ትርጉም ይሰጣል። የቃሉን፣ የሁኔታውንና የተውኔቱን ምጸት ለየብቻ ቢያሳዩአቸው ጥሩ ነው።

በጽሑፍ ላይ ድምፅን የሚተካው በአቅራቢያው የተቀመጠ ሐቅ ነው። «ሰዓት አክባሪው ጓደኛችን ስብሰባው ተበትኖ ወንበር ሲሰበሰብ ደረሰ» ሲባል «ሰዓት አክባሪው» የሚለውን የሚገለብጠው የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ፈተና ሲያወጡ «እንዴት ያለ ንጹሕ ከተማ ነው!» የሚል ብቸኛ ዓረፍተ ነገር ሰጥተው ዘይቤውን አይጠይቁ፤ አድናቆት ነው ያለም ምጸት ነው ያለም ትክክል ነው። ከፊቱ ወይም ከኋላው ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ።

ለዚህ ሥራ የተመደበ ሥርዓተ ነጥብም አለን፤ ትእምርተ ስላቅ ይባላል። የተገለበጠ ቃለ አጋኖ ሲሆን ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይገባል፦ «ጎበዝ፣ ስኒውን በአንድ ምት ጨረስከው¡» አሁን በስልክና በኮምፒውተር ሲጻፍ ብዙ ሰው ስለማያስገባው ተማሪዎች አይተውት ላያውቁ ይችላሉ። ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር አንዴ በ«!» አንዴ በ«¡» ያስነብቧቸው።